ያልወጣችሁበትን የዓመት ፈቃድ እንዴት ትቆጥራላችሁ? እንዴትስ ታስከብራላችሁ?

«ፈቃዴ ተቃጠለ ወይ?»

ይህን ጥያቄ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከደጀን፣ ከሞጣ ከሚደውሉልኝ ሰዎች እሰማለሁ። ጥበቃ አለ፣ ምግብ አብሳይ አለች፣ የማሽን ሠራተኛ አለ፣ የግል ትምህርት ቤት መምህር አለ። ሁሉም ዓመት ሙሉ ሠርተው ፈቃድ ሲጠይቁ «አሁን ሥራ በዝቷል» ተብለዋል። ዓመቱ ሲያልፍ ደግሞ «ያለፈው ዓመት ፈቃድህ ተቃጥሏል» ይባላሉ። ብዙዎቹ ሰምተው ዝም ይላሉ።

እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ደመወዝ ሠሪ ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። ሥራ የለቀቅሁ ዕለት የተሰጠኝ ክሊራንስ (ከድርጅቱ ጋር መጨራረሴን የሚገልጽ የመልቀቂያ ወረቀት) ከታች «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ቀሪ ክፍያ የለም» የሚል መስመር ነበረበት። የመጨረሻ ወር ደመወዜ እንዲለቀቅልኝ ቸኩዬ ስለነበር ፈረምሁ። ቤቴ ገብቼ ስደምር 23 የሥራ ቀን ፈቃድ ሳልወጣበት ቀርቷል። ያ ገንዘብ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ደጋግሜ አንብቤያለሁ፤ የሰዎችን ማመልከቻም አብሬ እጽፋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ለእነሱ በየጊዜው የምነግራቸው ነው፤ በሚሠራበት ቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

መጀመሪያ፦ በየትኛው ሕግ እንደምትተዳደሩ ለዩ

የግል ድርጅት፣ ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ ባንክ፣ የግል ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የእርሻ ልማት፣ የመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ የምትተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ለምሳሌ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ወይም የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የራሱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አለው። የቀኑ ብዛትም አሠራሩም ስለሚለይ እዚህ ያለውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት። የቤት ሠራተኞችም በዚህ አዋጅ አልተካተቱም።

የሥራ መሪም ከአዋጁ ውጭ ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «የፈረቃ ኃላፊ» ወይም «የመጋዘን ኃላፊ» የሚል ደብዳቤ ስለተሰጣችሁ ብቻ የሥራ መሪ አትሆኑም። ሕጉ የሚያየው ሥልጣኑን ነው፦ የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ የሚያዛውር፣ የሚያግድ፣ የሚያሰናብት ሰው ነው የሥራ መሪ። የስሚንቶ ከረጢት እየቆጠረ የሚያስረክብ ሰው ኃላፊ ቢባልም ሠራተኛ ነው።

የጽሑፍ ውል የለንም የምትሉም አትስጉ። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ መብታችሁን አያስቀርም።

ቀጥሎ፦ ቀኑን ራሳችሁ ቁጠሩ

ይህን ለሰው ሀብት ክፍል ትታችሁ አትቀመጡ። ድርጅቱ የተወሰደውን ፈቃድ በመዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ነገር ግን መዝገቡ ሲጠፋ የሚጎዳው የናንተ ቀን ነው።

የአዋጁ አንቀጽ 77 እንዲህ ይላል፦ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ከ16 የሥራ ቀን የማያንስ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። ስለዚህ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት 16፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 17፣ በአምስተኛው 18 እያለ ይሄዳል። ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን ነው። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ቤት የኅብረት ስምምነቱ ከዚህ የበለጠ ሊሰጥ ስለሚችል አንብቡት።

«የሥራ ቀን» የሚለው ቃል ትልቅ ነገር ይዟል። የሳምንት እረፍት ቀናችሁና የሕዝብ በዓላት ከፈቃዱ ላይ አይቆጠሩም። ከጥር 5 ጀምሮ ፈቃድ የወጣ ሰው ጥምቀት በመካከል ቢገባበት ጥር 11 ከፈቃዱ አይቀነስም።

ዓመት ሳይሞላው የለቀቀ ሰውም ባዶ እጁን አይሄድም፤ በሠራው ልክ ተካፍሎ ይታሰብለታል። በቀን ሒሳብ የምትሠሩ ከሆነ 26 የሥራ ቀን እንደ አንድ ወር ይቆጠራል። 130 ቀን የሠራ ሰው አምስት ወር ሠርቷል ማለት ነው፤ 16ን በ12 አካፍላችሁ በ5 ስታባዙት 6.67 ቀን ይመጣል።

አሁን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ሠራተኛዋ ሐምሌ 1፣ 2013 ተቀጥራ ታኅሣሥ 30፣ 2017 ለቀቀች እንበል። ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ነው። ወረቀት ላይ እንዲህ አድርጋ ትጽፈዋለች፦

አንደኛ ዓመት፣ እስከ ሰኔ 2014፦ 16 ቀን፣ ሁሉንም ወጥታለች፣ ቀሪ 0
ሁለተኛ ዓመት፣ እስከ ሰኔ 2015፦ 16 ቀን፣ 6 ወጥታለች፣ ቀሪ 10
ሦስተኛ ዓመት፣ እስከ ሰኔ 2016፦ 17 ቀን፣ አልወጣችም፣ ቀሪ 17
የመጨረሻው ስድስት ወር፦ የ17 ግማሽ፣ ቀሪ 8.5

ድምር 35.5 የሥራ ቀን። የወር ደመወዟ 7,800 ብር ቢሆን በብዙ ቦታ እንደሚሠራበት በ26 ሲካፈል ቀኑ 300 ብር ይወጣል። 35.5 በ300 ሲባዛ 10,650 ብር። ከዚህ ላይ የሥራ ግብር ይቆረጣል፤ ለሒሳቡ መነሻ ግን ይህ ቁጥር በእጇ መኖር አለበት። በእጇ ቁጥር ሳይኖር ቢሮ ከገባች ሰውዬው የሚነግራትን ይዛ ትወጣለች።

ስትቆጥሩ ከፈቃዳችሁ ላይ ያለ አግባብ የተቀነሰውንም ፈልጉ። በእኛ አገር በጣም የበዛው የለቅሶ ቀን ነው። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ከዓመት ፈቃድ አይቀነስም። ለራስ ሠርግም ሦስት የሥራ ቀን አለ። ወንድ ሠራተኛ ሚስቱ ስትወልድ ሦስት ተከታታይ ቀን አለው። ሠልስቱን ጨርሶ ተመልሶ ከዓመት ፈቃዱ የተቀነሰበትን ሰው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እርግጥ ሦስቱ ቀን አልፎ ተጨማሪ ከቆያችሁ፣ ወይም ለተዝካር የምትሄዱ ከሆነ፣ ያ ከዓመት ፈቃድ ሊታሰብ ይችላል።

ሌላው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ጥሬ ዕቃ ሲያልቅ «ዛሬ ፈቃድ ላይ ናችሁ» ብሎ ሠራተኛውን የሚመልስ ፋብሪካ አለ። ሠራተኛው ለሥራ ተዘጋጅቶ መጥቶ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሥራ ከቆመ ደመወዙ ይታሰብለታል፤ ያን ቀን ከዓመት ፈቃዱ ላይ መቀነስ አግባብ አይደለም። ፈቃድ ላይ ሳላችሁ ብትታመሙም የሐኪም ማስረጃ አቅርባችሁ ያ ጊዜ በሕመም ፈቃድ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፦ በጽሑፍ ጠይቁ

የመጀመሪያው ፈቃድ የሚወጣው አንድ ዓመት አገልግሎት ሲሞላ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ነው። አሠሪው የእረፍት ፕሮግራም ማውጣት አለበት፤ ሲያወጣም የሥራውን ሁኔታ ብቻ ሳይሆን በተቻለ መጠን የሠራተኛውንም ፍላጎት ማየት አለበት። ጎጃም ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አባቱ ብቻውን የቀረ ልጅ ፈቃዱን የሚፈልገው ለኅዳር ጤፍ አጨዳ ነው፤ በግንቦት ቢሰጠው አይጠቅመውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሳይወጣ ቀድማችሁ ወራችሁን አስመዝግቡ።

በቃል አትጠይቁ። «ለአለቃዬ ነግሬው ነበር» የሚለው ቃል ፍርድ ቤት ሲደርስ ክብደት ያጣል። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦

ቀን፦ መስከረም 10፣ 2018 ዓ.ም.
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ
እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው ሠራተኛ የ2017 የሥራ ዘመን 17 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ያልወጣሁ መሆኑን እየገለጽሁ፣ ከኅዳር 8፣ 2018 ጀምሮ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። በሥራ ምክንያት የማይቻል ከሆነ የተራዘመበት ምክንያትና ፈቃዱ የሚሰጠኝ ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።
ስምና ፊርማ

ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ስጡ፣ በሁለተኛው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና «ዋናው ደርሶኛል» የሚለውን ጽፎ ይፈርም። ሰውዬው አልቀበልም ካለ ጠብ አታንሱ፤ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ላኩት፣ ደረሰኙን ያዙ። የደብዳቤው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጣል። እሷ ካለች ዝምታቸውም ማስረጃ ይሆናችኋል።

ፈቃዱ በመሠረቱ ሳይቆራረጥ የሚሰጥ ነው። እናንተ ጠይቃችሁ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ሊወጣ ይችላል። በየሳምንቱ አንድ አንድ ቀን እየቆነጠሩ «ፈቃድህን ጨረስህ» ማለት ግን ሕጉ ያሰበው እረፍት አይደለም።

ለፋሲካ ገንዘብ ሲያጥር «ፈቃዴን ሽጬ ልብላ» የሚል ሰው አለ፤ ችግሩ ይገባኛል። ነገር ግን ሥራ ላይ እያላችሁ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ ሕጉ ከፈቀደው ሁኔታ ውጭ ክልክል ነው፤ አንቀጽ 76 ላይ በግልጽ ተጽፏል። እዚያው አንቀጽ ላይ ደግሞ ሠራተኛው የዓመት ፈቃድ መብቱን ለመተው የሚያደርገው ስምምነት በማንኛውም መልኩ ቢደረግ ፈራሽ መሆኑ ተደንግጓል። ስትቀጠሩ «ፈቃድ አልጠይቅም» ብላችሁ ፈርማችሁ ቢሆን ያ ፊርማ አያስራችሁም።

አራተኛ፦ ሲራዘም ደብዳቤ ተቀበሉ

ፈቃድ በሁለት መንገድ ይራዘማል፦ እናንተ ጠይቃችሁ አሠሪው ሲስማማ፣ ወይም የሥራው ሁኔታ አስገድዶት አሠሪው ሲያራዝመው። በሁለቱም ጊዜ የተራዘመው ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ ሊተላለፍ አይችልም።

አሠሪዎች «ተቃጠለ» የሚሉት ከዚህ ድንጋጌ ተነሥተው ነው። ድንጋጌው ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንድትወጡ አሠሪውንም የሚያስገድድ ነው፤ ዓመቱ በተለወጠ ቁጥር የሚያቃጥል አይደለም። የአምናው ፈቃድ ዘንድሮ አለ። ሁለት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ግን ክርክሩ ይከብዳል፤ «ለምን አልጠየቅህም?» ይባላል፣ ይርጋም (የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚለው መከራከሪያ) ይነሣል። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ያልወጣችሁትን ቀን ጠቅሳችሁ አንድ ደብዳቤ አስገቡ። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት አጠራቅማችሁ አንድ ቀን በአንድ ላይ እወስደዋለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

ፈቃድ ላይ ሳላችሁ ስትጠሩ፦ ይህ የሚቻለው ያልታሰበ ነገር ገጥሞ በሥራ ቦታ መገኘታችሁ ግድ ሲሆን ብቻ ነው። ቢቡኝ ቤተሰብ ዘንድ ሳላችሁ ቡሬ ብትጠሩ በመጠራታችሁ ምክንያት ያወጣችሁት የመጓጓዣ ወጪና አበል በአሠሪው ነው፤ ላልተጠቀማችሁበት ቀሪ ፈቃድም የመንገዱ ጊዜ ሳይጨመር ክፍያ ታገኛላችሁ። የትራንስፖርት ቲኬቱን አትጣሉ። የጠሯችሁ በስልክ ከሆነ አጭር መልእክት እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።

አምስተኛ፦ ሥራ ስትለቁ

ሥራ ስትለቁ ነገሩ ይለወጣል፤ ያልወጣችሁበት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ይዞራል። በራሳችሁ ፈቃድ ብትለቁም፣ ብትቀነሱም፣ ውላችሁ በጊዜው ቢያበቃም ያው ነው። በጥፋት የተሰናበተ ሰውም የሠራበትን ፈቃድ አያጣም።

በራሳችሁ ከሆነ የምትለቁት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። ድንገት ቀርተው የጠፉ ሰዎች እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊከፍሉ ይችላሉ። ያም ከቀሪ ክፍያቸው ላይ ይወሰዳል። የፈቃድ ገንዘብ በዚህ ቀዳዳ ሲፈስ አይቻለሁ፤ ልጁ የተሻለ ደመወዝ ባሕር ዳር አግኝቶ ሰኞ ጠዋት ሄደ፣ የ20 ቀን ፈቃዱ ግን ለማስጠንቀቂያው ካሣ ቀረ።

ውሉ ከተቋረጠ ጀምሮ ባለው 7 የሥራ ቀን ውስጥ ደመወዝና ተያያዥ ክፍያ መከፈል አለበት። ዕቃ ያልመለሰ ሰው ጊዜው ሊራዘምበት ስለሚችል መታወቂያውን፣ ቁልፉን፣ የሥራ ልብሱን ወዲያው አስረክቡና የርክክብ ወረቀት ያዙ። ከላይ ያየናት ሠራተኛ ቅዳሜ የሥራ ቀን በሆነበት ቤት ከሆነች ቀነ ገደቡ ጥር 8፣ 2017 ነው። አሠሪው በመጠኑ ካልተስማማ እንኳ ያመነበትን በዚሁ ጊዜ መክፈል አለበት፤ «18 ቀን ነው የምናምነው» ካሉ የ18ቱን ተቀበሉና በቀሪው ተከራከሩ። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል።

ክሊራንሱን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። «ቀሪ ክፍያ የለኝም» የሚል መስመር ካለበት ከፊርማችሁ ጎን በእጃችሁ «ያልተወሰደ 35.5 ቀን የዓመት ፈቃድ ክፍያን አይጨምርም» ብላችሁ ጻፉ። ይህን የጻፈ ሰው አንፈርምልህም ቢባል እንኳ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይውጣ። ፈቃድን መተው ፈራሽ ነው የሚለው ሕግ ቢኖርም ፊርማችሁ ካለ ሌላው ወገን ይዞት ይቀርባል፤ ለምን ጦር ትሰጡታላችሁ? የሥራ ልምድ ማስረጃችሁንም ጠይቁ፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የያዘ ማስረጃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ለፈቃድ ሒሳባችሁ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ስድስተኛ፦ አልከፍልም ሲባል

የሠራተኛ ማኅበር ካለ መጀመሪያ ለእሱ ንገሩ። ከዚያ በብዙዎቻችን አፍ ዛሬም ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ወደሚባለው የወረዳ ወይም የከተማ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ባለሙያው አሠሪውን ጠርቶ ሊያነጋግር ይችላል፣ ብዙ ጉዳይም እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ሥራው የሚሠራበት ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ ይቀርባል። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል። ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል፤ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ደብረ ማርቆስ፣ የምዕራብ ጎጃም ሰው ፍኖተ ሰላም፣ የአዊ ሰው እንጅባራ ወዳለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማለት ነው።

ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ታኅሣሥ 30 የለቀቀችው ሴት ጊዜዋ ሰኔ 30 ያበቃል። «ነገ ና፣ ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ነው» እየተባለ ስድስት ወር የሚያልፍበት ሰው ቁጥር ስፍር የለውም፤ ተስፋ ሰጪዎቹ ቀኑን ያውቁታል።

ይርጋው የሚቋረጥባቸው መንገዶች አሉ። ለሥራ ክርክር ችሎት ክስ ማቅረብ፣ ሕጉን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል አቤቱታ ማቅረብ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ማመኑ ነው። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ስትሄዱ በቃል ብቻ አታማክሩ፤ ማመልከቻ አስገብታችሁ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ያለበት ቅጂ ያዙ። አሠሪው «እንከፍላለን፣ ትንሽ ታገሱን» ካለም «እሺ፣ ይህንኑ በደብዳቤ ስጡኝ» በሉ።

መንገድ በተዘጋ ጊዜ ከቢቸና ወይም ከሞጣ መውጣት እንደማይቻል ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ አምስተኛው ወር ላይ አትድረሱ፤ ሁለተኛው ወር ሳያልቅ ክሱን አስገቡ። ስትሄዱ በአንድ ክላሰር ውስጥ የቅጥር ደብዳቤውን ወይም መታወቂያውን፣ ደመወዙ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት፣ «ዋናው ደርሶኛል» የተባለባቸውን የፈቃድ ደብዳቤዎች፣ የሥራ ልምዱን፣ የሪኮማንዴ ደረሰኙንና በዓመት በዓመት የተደመረውን የቀን ሒሳብ ያዙ። ሒሳቡ ከላይ ይሁን፤ ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከሁሉም ፎቶ ኮፒ አድርጉ፣ ዋናው ቤት ይቅር፤ ችሎቱ እንዲመሳከር ካዘዘ በቀጠሮው ቀን ይዛችሁት ትመጣላችሁ።